መተኛት የሚለው ዓምድ

የመስክ ምልከታ ኮርሴን በ«ኤ» ነው ያለፍኩት። በውጤት ወረቀቱ ግርጌ የፈታኞች አስተያየት አለ፦ «የእጅ ጽሑፏ ግልጽ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ አንድም ስርዝ የለም።» አባቴ ወረቀቱን ሳሎን ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብሎ ሚስማር ገዝቶ መጣ። እንዳይሰቅለው ለመንኩት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። እዚህ ልናገረው።

ድሮ ሰው ለማመን ምስል ይበቃው ነበር ይባላል። ማንም ሰው ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ያሻውን ምስል መሥራት ሲችል ነገሩ አከተመ። እኔ በተወለድኩበት ዓመት አንድ ፓርክ ውስጥ የሚፈነጩ ዋልያዎች ከነግልገሎቻቸው በየስክሪኑ ይታዩ ነበር አሉ። አንድ ተጠራጣሪ ሰው በእግሩ ወጥቶ ሲያይ የመጨረሻዋ ዋልያ ከሞተች አራት ዓመት አልፏት ነበር። ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ስለ እንስሳ የሚነገር ማናቸውም ነገር የሚታመነው የማለ ዓይን አይቶ በእጁ ከጻፈው ብቻ ነው። የማሉት ዓይኖች እኛ ነን፤ የእንስሳት ባሕርይ፣ ደኅንነትና ጥበቃ ተማሪዎች። በሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ቀኝ እጃችንን አንሥተን «ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም» ብለን እንምላለን። በዚያ ቀን ፎቶ የሚያነሣ ሰው የለም፤ ማን ያምነዋል ብሎ።

ከመቶ ተመራቂ ሰማንያው ዶሮ እርባታ ይገባል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘረጉ ወይስ አልዘረጉም የሚለውን ይጽፋል። አባቴ መጀመሪያ ላይ «ዶሮ ለማየት ዩኒቨርሲቲ?» እያለ ሲስቅብኝ ከርሟል። ጫካና ተራራ የሚደርሳቸው በዓመት ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ናቸው፤ እሱም በዕጣ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ሳነቴ አምባ፣ የመጨረሻዋ ቀይ ቀበሮ፣ እንስሳ ቁጥር ሰባት። የክፍሌ ልጆች ለሦስት ቀን አላናገሩኝም፤ ቅናት ነው። እኔም ደስታዬን አልደበቅኩላቸውም።

ሳነቴ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ከዚህም ከዚያም ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ከሱ ሌላ ከመሬት ቀና ያለ ነገር የለም። ቀበሮዋ ያለችበት ግቢ ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር አጥር ነው። አጥሩ የተሠራው የውሻ በሽታ ቤተሰቧን በሙሉ ከጨረሰ በኋላ፣ እሷን ለማትረፍ ነው። በአንዱ ጎን፣ ከአጥሩ አጠገብ ድንጋያማ ጉብታ አለ፤ የምስክሯ ጎጆ እዚያ ላይ ናት። ከጎጆዋ በርቀት ማያ መነጽር ግቢው ሁሉ ይታያል።

ሥራው ቀላል ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በየአምስት ደቂቃው አንጓዬ ላይ ደወል ይደውላል። ቀና ብዬ አያለሁ፤ ያየሁትን ምልክት አደርጋለሁ። በቀን አንድ መቶ አርባ አራት ምልክት ማለት ነው። ቅጹ ስድስት ዓምዶች አሉት፦ መብላት፣ መጠጣት፣ መሄድ፣ መዞር፣ መተኛት፣ አለመታየት። «ሌላ» የሚል ሰባተኛ ዓምድ ነበረው ይባላል። ተማሪዎች ግጥም ይጽፉበት ስለነበር ተሰረዘ። የሚጻፈው በእስክሪብቶ ነው። ስርዝ ያለበት ገጽ ይጣላል፤ ሦስት ገጽ የተጣለበት ተማሪ ኮርሱን ይደግማል። ለእንስሳው ስም ማውጣት ክልክል ነው። ምሽት ላይ ወረቀቱ በር ላይ ባለው ማሽን ይነበባል፤ ማሽኑም እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ምንም አይናገርም።

ወረቀቱን ወደ በሩ የሚያደርሰው የአጥሩ ጠባቂ ነው፤ ኦቦ ቃሲም። በወጣትነቱ የፓርኩ ስካውት ነበር። አጥር ሳይኖር፣ ቀበሮዎቹም ብዙ ሳሉ ያውቃቸዋል። እንስሳ ቁጥር ሰባትን «ኢንተላ» ይላታል፤ ልጅት ማለቱ ነው። ክልከላው እሱን አይመለከተውም፤ ምክንያቱም እሱ የሚናገረው ነገር በሕግ ፊት የሚቆጠር አይደለም።

ለልምምድ በተሰጠኝ የመጀመሪያ ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ቀበሮዋ ከአንድ አጭር የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ወጣች። ተንጠራራች፣ አዛጋች፣ ከዚያ አጥሩን ተከትላ መሄድ ጀመረች። ቀጥ ብላ፣ ሳትሮጥ፣ ሳትዘገይ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄዳ የተነሣችበት ቦታ ላይ ደረሰች። ማታም ያንኑ ደገመችው። በቅጹ ትርጉም መሠረት አንድን መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ መሄድ «መዞር» ነው። መዞር ደግሞ የታሰረ እንስሳ ጭንቀት ነው። በቀን ከሠላሳ ስድስት ምልክት በላይ የዞረ እንስሳ አዲስ አበባ ወዳለው የተዘጋ አዳራሽ ተወስዶ ማስታገሻ እየወሰደ ይኖራል። የእሷን ብቆጥር ሠላሳ ስምንት መጣ።

«ኦቦ ቃሲም፣ ልጅቷ ተጨንቃለች መሰለኝ» አልኩት ወረቀቱን ሊወስድ ሲመጣ።

«ማን? ኢንተላ?» ሳቀ። «ልጄ፣ ደህና አድርገሽ እዪ እንጂ። ወሰኗን እየጠበቀች እኮ ነው! አባቷም እንዲሁ ነበር። ያኔ ስምንት ሆነው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ጎሕ ሲል ይወጡ ነበር። ነገ ድንጋዮቹ ጋ ስትደርስ ተመልከቻት።»

በማግስቱ ተመለከትኳት። አሥራ አንድ ድንጋዮች አሉ። እያንዳንዳቸው ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ ታሸታለች፣ እንደ ወንድ እግሯን አንሥታ ሽንቷን ትረጭና ትቀጥላለች። አሥራ አንዱንም አንድም ሳትዘል። ይህን ሁሉ ሳይ ቀኑን ሙሉ ስቄ ነው የዋልኩት፤ ብቻዬን፣ በብርድ፣ መነጽር ይዤ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

«ወሰን ግን ከማን ነው የምትጠብቀው?» አልኩት ማታ። «ጎረቤት የላትም። በዓለም ላይ ከሷ ሌላ የለም እኮ።»

«እሷ በምን ታውቃለች?» አለ ኦቦ ቃሲም። «ማን ነገራት?»

«እርስዎ ቢመሰክሩላትስ?» አልኩት። እጁን አወናጨፈ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻቸዋለሁ፤ እሷንም፣ አባቷንም፣ ከነሱ በፊት የነበሩትንም። የኔ ዓይን ግን አልማለም።»

ለመምህሬ ለዶክተር ወይንሸት ደብዳቤ ጻፍኩ። ቅጹ ላይ «ወሰን መጠበቅ» የሚል ዓምድ እንዲጨመር በትሕትና ጠየቅኩ። መልሱ በዚያው ቀን መጣ። ሐሳቡ ጠቃሚ መሆኑን ጠቅሶ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በሚደረገው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ላይ እንደሚታይ ይገልጻል። የሚቆጠረው ሳምንት ደግሞ የሚጀምረው ከነገ ወዲያ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያመጣሁት። ቸግሮኝስ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

በመጀመሪያው ቀን የቀየርኩት ሦስት ምልክት ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ አምስት ይሆናል፤ አለቀ፤ እሷም ድንጋዮቿ ጋ ትቀራለች። «መሄድ» ብዬ ልጽፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን መሄድ ከተጻፈ ከቅጹ ጀርባ ባለው ካርታ ላይ መንገዱ ይሣላል፤ ከተሣለ ክቡ ይታያል። «አለመታየት» ከበዛ ደግሞ ምስክሯ እንቅልፍ ወስዷታል ተብሎ ይጠረጠራል። «መተኛት» ግን ምንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ከስድስቱ ዓምዶች ሁሉ ምንም ጉዳት የሌለው መስሎ ታየኝ። ቀበሮዋ አምስተኛው ድንጋይ ላይ እግሯን አንሥታ ሳያት መተኛት የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። መስመሩ ትንሽ ጠመመ። ስርዝ ግን አልነበረውም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ፍልፈል እያደነች በጠዋቱ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ አለች፤ እሱም በቅጹ መሠረት መዞር ነው። ስለዚህ አሥር ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ለምን እቆጥራለሁ ብዬ የጠዋቱንም የማታውንም በሙሉ ተኝታለች አልኩ። ምልክቶቼ ቀጥ አሉ። በአምስተኛው ቀን ቀና ብዬ ማየቱንም መተው ጀምሬ ነበር፤ ደወሉ ሲደውል ዝም ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። ይህንን ነው ይቅር ልለው ያልቻልኩት። የመጨረሻዋን ቀይ ቀበሮ ለማየት ከመቶ ሰው መካከል ዕጣ የወጣልኝ እኔ፣ ሁለት ጠዋት ሙሉ አላየኋትም።

«አይዞዎት» አልኩት ኦቦ ቃሲምን፣ በስድስተኛው ቀን ወረቀቱን ሲቀበለኝ። «አስተካክዬዋለሁ።»

«አላህ ይባርክሽ» አለኝ። ምን እንዳስተካከልኩ አልጠየቀም። በማግስቱ ከቤቱ የገብስ ቆሎና ትኩስ ወተት አመጣልኝ።

ሰባተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ሹፌር የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ። «እንስሳ ቁጥር ሰባት። የቀን አማካይ መተኛት፦ አንድ መቶ አራት። ግኝት፦ ተስፋ መቁረጥ። ውሳኔ፦ ዕረፍት። የሚፈጸመው፦ ከነገ ወዲያ።»

ዕረፍት ማለት የመግደያ መርፌ ነው።

መዞር የሦስተኛ ዓመት ትምህርት ነው፤ ተስፋ መቁረጥ ግን የአራተኛ ዓመት ኮርስ ነው። ዘንድሮ እየወሰድኩት ነው። መጽሐፉ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ እንዲህ ይላል፦ በቀን ከመቶ ምልክት በላይ የሚተኛ እንስሳ የመኖር ፍላጎቱ ጠፍቷል፤ ማቆየቱ ለሰው ደስታ እንጂ ለእንስሳው አይደለም። ደንቡን ያወጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለብዙ ዓመት በየቤቱ ጥግ ተጋድመው ግድግዳ ሲያዩ የኖሩ እንስሳትን አይተው ያወጡት ነው። ባነበብኩት ቁጥር ትክክል ይመስለኛል፤ እሱ ነው የሚያመኝ።

ለዶክተር ወይንሸት ደወልኩ። ማልቀሴን ሰምተው ነው መሰለኝ በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ሦስት ሰዓት ላይ ከመኪና ሲወርዱ ከፍታው መትቷቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ጎጆዋ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ሁሉንም ተናገርኩ። ከሦስቱ ምልክት ጀምሬ ቀና ብዬ እስካላየሁባቸው ጠዋቶች ድረስ።

«ያምሮት» አሉኝ፣ ስሜን ለስለስ አድርገው። «በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ እንዲህ ይለኛል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሁሉም ሰው እንስሳውን ይወዳል። ውሳኔው ሲመጣ ዋሽቻለሁ ይላል።»

«እኔ ግን እውነቴን ነው ዶክተር! ዋሽቻለሁ እያልኩዎት እኮ ነው!»

«ያኔ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን? እኔ በምን ልለይ? ሁለቱንም የምትነግሪኝ አንቺው ነሽ። ያኔ ምንም የምታተርፊው ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን አለሽ።» ወረቀቶቼን ከቦርሳቸው አውጥተው አገላበጡ። «ደግሞ ተመልከቺ። የሚዋሽ ሰው ይሰርዛል። ሃያ ዓመት አስተምሬ የማውቀው ይህንን ነው።»

«እንግዲያው ራስዎ ይዩአት። ያንንስ ያምናሉ?»

«እሱን አምናለሁ» አሉ። ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጠው መነጽሩን አነሡ።

ቀበሮዋ መኪናውን አሽትታ፣ የእንግዳ ድምፅ ሰምታ አስታው ሥር ገብታ ነበር። ተጋድማ አፍንጫዋን በጭራዋ ሸፍናለች። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። ተነሺ እያልኩ በልቤ ስለምናት ዋልኩ። አልተነሣችም። እንግዳ ባለበት ቀን ማንም ቀበሮ አይነሣም። ይህን ለዶክተር ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎሕ ሲቀድ ነው የምትወጣው፤ እባክዎ እዚህ ይደሩ» አልኩ።

«እዚህ ከፍታ ላይ ካደርኩ ነገ የምትቀብሩት እኔን ነው።» ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም ሲመጣ ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አየኋት። ምስኪን፣ ቀና እንኳ አላለችም። ልብሽ ደግ ነው ያምሮት። ወረቀትሽ ግን ካንቺ ይልቅ እውነተኛ ነው።» ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ኦቦ ቃሲም የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ከቆየ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ለሱም ነገርኩት። ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሸው ነበር።

«ተኝታለች ብለሽ ጻፍሽ?» አለ።

«አዎ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም? መሄዷን ብትጽፊ ይሻል ነበር። አዲስ አበባ ቢወስዷትም የሚሄድ ነገር ተስፋ አለው።» ባርኔጣውን ደፋ። «ተኝታለች? ኢንተላ?» አለና ወደ ቤቱ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በስሜም ሆነ «ልጄ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ፋይል የሚዘጋው የከፈተው ምስክር ሲኖር ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት እኔም ቅጼን ይዤ ጎጆዋ በር ላይ ነበርኩ። የእንስሳት ሐኪሙ ከኔ ብዙ የማይበልጥ ልጅ ነው። ረጅሙን የመርፌ ጠመንጃ ተሸክሞ ከኦቦ ቃሲም ጋር ጉብታውን ሲወጣ ያለከልክ ነበር። ወጥቶም ሳይቀመጥ ገና ጎሕ ቀደደ። ቀበሮዋ ከአስታው ሥር ወጣች። ትናንት ሙሉ ቀን ስለተደበቀች የማታው ዙር አምልጧታል፤ ዛሬ እንግዳ ቢኖርም ትቸኩላለች። አጥሩን ይዛ ጉዞዋን ጀመረች።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ።

«አትነሣም አይደል እንዴ የተባለው?»

«እያየሃት ነው» አልኩት።

«አያለሁ እህቴ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «የኔ ዓይን ግን አልማለም።»

ደወሉ ደወለ። «መዞር» ላይ ምልክት አደረግኩ። በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሰባት ቀን ውስጥ ያልጻፍኩትን እውነት በአንድ ጠዋት ጻፍኩ። ለምንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ፤ ሲዘጋ ማሽኑ የሚያነበው የመጨረሻውን ምልክት ብቻ ነው። ቢሆንም ጻፍኩት። ቀና ብዬም አየኋት፤ በየአምስት ደቂቃው ሳይሆን አንድም ጊዜ ዓይኔን ሳልነቅል።

አራተኛው ድንጋይ ላይ ስትደርስ ሐኪሙ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ። ኦቦ ቃሲም አፈሙዙን በመዳፉ ያዘው።

«ዙሯን ትጨርስ» አለ።

ልጁ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ተቀመጠ። ሦስታችንም አየናት። ሰባተኛው ላይ አንድ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ አለ፤ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም። ሥራ ላይ ናት። ዘጠነኛው፣ አሥረኛው። አሥራ አንደኛው ድንጋይ ከጉብታው ሥር ነው፤ ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቆመች፣ አሸተተች። ማንም እንዳልመጣ፣ ማንም እንዳልነካባት አረጋገጠች። እግሯን አነሣች።

ጠመንጃው ብዙም አልጮኸም። ጭኗን ዘወር ብላ ነከስ አደረገችና ጥቂት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ብርድ ሲሆን እንደምታደርገው ጥቅልል ብላ አፍንጫዋን ከጭራዋ ሥር አስገባች። ኦቦ ቃሲም ወርዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

አንጓዬ ላይ ደወሉ ደወለ። ቀና ብዬ አየሁ፤ መተኛት የሚለው ዓምድ ላይ ምልክት አደረግኩ። ስርዝ የለውም፤ ውሸትም አልነበረበትም።